የላይ አምባ ወንድ አዋላጅ

ላይ አምባ፣ አምባሰል
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሳሊሕ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታው የአላህ ስለሆነ አልነፍግህም፤ ከዚህ በታች ያለው ግን የኔ የራሴ ነው።

ደብዳቤህን ኑርዬ አድርሶኛል። «እስካሁን ተቆጥተሽብኛል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። ገና ብዙ ጊዜም እቆጣለሁ፤ ስለዚህ በየደብዳቤው እየጠየቅህ ወረቀት አትጨርስ።

በስልክ ለምን አታናግሪኝም ላልከው፣ ስልኩ የአባ መሆኑን ረሳኸው እንዴ? አባ ስልክ የሚያነሳው ድምፁን ለቆ ነው። አንተ ሐይቅ ሆነህ ስታስነጥስ መስጊድ ደጃፍ የተቀመጠ ሰው «ይማርህ» ይልሃል። እኔ የምልህ ደግሞ ለሰፈር የሚሆን አይደለም። ኑርዬ በየሳምንቱ እህሉን ጭኖ ሐይቅ ስለሚወርድ በሱ በኩል እንጻጻፍ።

እናቴ ደህና ናት። አባም ደህና ነው፤ ወገቡ ግን ከጎንበስ ቀና አላለለትም። ላሚቱ ወልዳለች። ወሬው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልመለስ። ምን እንዳስቆጣኝ የገባህ አይመስለኝም፤ «ኮሌጅ መሄዴ ከፍቶሽ እንደሆነ» ብለህ ጽፈሃልና። ኮሌጅ መሄድህ አይደለም። የእማ ዑምኩልሱም ልጅ መስኡዳ ባለፈው ክረምት ስትወልድ አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። ልጁ ወጣ፣ እንግዴ ልጁ ቀረ፣ ደሙ አልቆም አለ። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ውጫሌ ሲወርዱ መንገድ ላይ ሞተች። እኔ እስከ መጨረሻው እጇን ይዤ ከመሮጥ በስተቀር የማውቀው ነገር አልነበረም። አንድ የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ልጇን እያጠባች ነበር።

ከሐዘኑ በኋላ ሸህ ሀምዳን ቤት ለዱዓ ወዳጃ ተቀመጥን። ወረዳው ለቀበሌያችን አንድ የኮሌጅ ቦታ ሰጥቷል፣ ከመሀላችን አንድ ሰው አዋላጅነት ተምሮ ይመለስልን ተባለ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ካንተ እንደሚበልጥ አገር ያውቃል። ልቤ እንዲያ ሲመታ እናቴ ትሰማብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ከዚያ ሸህ ሀምዳን ያንተን ስም ጠሩ።

ምክንያታቸውንም ሰምተሃል። ሴት ነገ ታገባለች፣ ትምህርቷም ከጓዟ ጋር ሰው አገር ይሄዳል፤ ወንድ ግን ቀዬው ላይ ይቀራል። እጃቸውን አናትህ ላይ ጫኑ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ሁሉም አሚን አለ። ያ ሁሉ ሽበት በተሰበሰበበት ቤት አንድ ሰው እንኳ «ምጥ የያዛት ሴት ወንድ ልጅ ደጇ ሲቆም ምን ትል ይሆን?» ብሎ አልጠየቀም። በላይ አምባ ባልዬው እንኳ ምጥ ቤት አይገባም! ይህን ሁሉ ሰው ምን ነካው?

ዱዓ ተደርጓልና አይመለስም። እሺ። ቢያንስ የተማርከውን ጻፍልኝ። ደም አልቆም ሲል መጀመሪያ ምን ይደረጋል? እንግዴ ልጅ ሲዘገይ ምን ያህል ጊዜ ይጠበቃል? አንድ በአንድ ጻፍልኝ፣ እኔ እዚህ ሆኜ እማራለሁ። እነሱ አንተን ይጥሩ፤ አንተ ከደጅ ትቆማለህ፣ እኔ እገባለሁ።

እህትህ ራህማ


ሐይቅ
ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ ራህማ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ናችሁ? እናቴስ? የአባ ወገብ አፊያ አገኘ ወይ? ላሚቱ በመውለዷ ደስ ብሎኛል። ጥጃው ወንድ ነው ሴት?

እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም። ቀን ቀን ብሎኬት ማምረቻ እሠራለሁ። «የሚያስተምርህ ቀበሌው ሆኖ ሳለ ለምን ትሠራለህ?» እንዳትይኝ፤ ሥራ ፈትቶ ከመዋል ብዬ ነው። ሐይቅ እንደምታውቂው ነው። ባጃጁ በዝቷል፣ አሸዋ የጫነ መኪናም በዝቷል። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወደ ውኃው ወርጄ ዓሣ አጥማጆቹን አያለሁ። አንድ ቀን ብትመጪ ታንኳ ላይ አስወጣሻለሁ።

ስለ ትምህርቱ ለጠየቅሽኝ፣ ትምህርት ደህና ነው። ከበድ ይላል ግን ደህና ነው። ደም ስላልሽው ነገር ገና አልደረስንበትም መሰለኝ፤ ስንደርስበት እጽፍልሻለሁ።

ስላንቺ ግን ሳስብ ከርሜ አንድ ነገር አገኘሁ። ከሬጅስትራሩ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፣ ቆሜ ያየሁትን ልንገርሽ። በዲግሪ አካውንቲንግና ማኔጅመንት አለ፣ በቀንም በማታም። በዲፕሎማ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ፣ የእንስሳት ጤና እና ይኼ የኛው አዋላጅነት አለ። ከዚያ ደግሞ ለአንቺ ያሰብኩት ከታች በኩል ነው፤ የአጭር ጊዜ ሰርተፊኬት። ልብስ ስፌት፣ የፀጉር ሥራ፣ ኮምፒውተር፣ ምግብ ዝግጅት። ዱዓም ሆነ የቀበሌ ድጋፍ አይጠይቅም፣ የፈለገ ሰው ይመዘገባል፣ ጥቂት ወር ብቻ ነው። እኔ ምግብ ዝግጅቱን መረጥኩልሽ። እዚህ ሐይቁ ዳር መዝናኛ ቤት በዝቷል፤ ቆሮሶ ዓሣ ጥሩ አድርጎ የሚጠብስ ሰው ይፈልጋሉ። ሰርተፊኬቱን በመስታወት ውስጥ አድርገው ነው የሚሰጡት። አባ ግድግዳው ላይ ሲያየው ምን ያህል ደስ እንደሚለው አስቢው!

አብሽሪ እትዬ። ሁሉም በጊዜው ይሆናል። ከቻልሽ በሶ ላኪልኝ።

ወንድምሽ ሳሊሕ


ላይ አምባ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሳሊሕ፣

ስለ ደም ጠየቅኩህ፣ ስለ ዓሣ መለስክልኝ።

ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ወጥቼ ግቢውን ዞርኩት። ከዚያ እንደገና አነበብኩትና ልቀደው ምንም አልቀረኝም። መስኡዳ እጄ ላይ ስትደማ ያየሁ እኔ፣ ቆሮሶ ልጥበስ? በመስታወት ውስጥ የተደረገ ሰርተፊኬት ለአባ ግድግዳ! ምግብ ማብሰል ሥራ አይደለም አላልኩም፤ የሚፈልገው ይማረው፣ አላህ ይባርክለት። እኔ ግን እሱን አልጠየቅኩህም። የሰፈራችን ሰው ሁሉ እኔ የምፈልገውን ከኔ የተሻለ ያውቃል፤ አሁን ደግሞ አንተ ተጨመርክ።

ለጥያቄህ መልስ፣ ጥጃዋ ሴት ናት። በሶውንም ልኬልህ ነበር። አልደረሰህም፤ ለምን እንዳልደረሰህ ልንገርህ።

ኑርዬ ክፉ ሰው አይደለም። ሊያሳጣህ ብሎ አይደለም ያደረገው፤ በሶውን በእጅህ ሊሰጥህ ኮሌጁ ድረስ ሄደ። «የአዋላጆቹ ክፍል የት ነው?» ብሎ ጠየቀ፣ አሳዩት። «ሳሊሕ የሚባል የአምባሰል ልጅ ጥሩልኝ» አለ። ሴቶቹ ተያዩና ሳቁ። «እሱማ መጀመሪያ ሰሞን መጥቶ ጠፋ፣ የት እንደገባም አናውቅ» አሉት። ምስኪኑ ኑርዬ የሞትክ መስሎት ደንግጦ ሲጠይቅ ዋለ። ሲመሽ ከማታ ተማሪዎች ጋር አገኘህ፤ አካውንቲንግ ክፍል በር ላይ ቆመህ፣ ደብተርህን በብብትህ ይዘህ ስትሳሳቅ። በሶውን ሳይሰጥህ ተመለሰ። አፍሮ ነው ሳሊሕ! ያንተን ሐፍረት እሱ አፈረልህ።

«ትምህርት ደህና ነው» ብለህ የጻፍክልኝ የትኛው ትምህርት ነው?

የመንደሩ ሰው የድርሻህን መሬት በጅጊ እያረሰልህ መሆኑን ታውቃለህ አይደል? «ልጁ ለኛ ሲል ነው የወረደው» ብለው፣ ባለፈው ሳምንት ስንዴህን አጨዱልህ። የመስኡዳ እናት፣ እማ ዑምኩልሱም፣ ልጇን ከቀበረች መንፈቅ ሳይሞላት ለአጫጆችህ ውኃ ስታመላልስ ዋለች። «ለአዋላጃችን ነው» እያለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነዶ እያሰርኩ፣ ኑርዬ የነገረኝን አፌ ውስጥ ይዤ ዋልኩ። ምን ያህል እንደመረረኝ አታውቀውም።

ለአባ አልነገርኩም። ለእናቴም አልነገርኩም። ላንተ አዝኜ አይደለም፤ መጀመሪያ ካንተው አፍ ልስማው ብዬ ነው። ጻፍ።

ራህማ


ሐይቅ
ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ ራህማ፣

አዎ፣ ትቼዋለሁ። በጥቅምት ነው የተውኩት። በቃ፣ ይኸው ጻፍኩልሽ።

«ምን ብለህ ተውከው?» እንደምትይ አውቃለሁና ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ክፍል ውስጥ ከሴቶች መሀል ብቻዬን ወንድ መሆኔን ችዬው ነበር። ይስቁ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ከዚያ ለልምምድ ጤና ጣቢያ ወሰዱን። ምጥ የያዛት አንዲት ሴት ነበረች። ከአነጋገሯ የአምባሰል ሰው መሆኗን አወቅኩ። ነጭ ካፖርት ለብሼ ገባሁ። «የማን ልጅ ነህ?» አለችኝ። ደስ ይላታል ብዬ የአባን ስም ነገርኳት፤ ለካ ታውቀዋለች! ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና «ኧረ የሰው ያለህ፣ ይህን ልጅ ከፊቴ አውጡልኝ!» አለች። አስተማሪዋ «ይኼ ባለሙያ ነው፣ ይቆይ» አለቻት። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ድምፅ አላወጣችም። ነጠላዋን ነክሳ ምጧን በዝምታ ያዘችው። በኔ ምክንያት ጮኻ እንኳ ማማጥ አልቻለችም። ያን ጊዜ ወጣሁ፤ ካፖርቱን በር ላይ ሰቀልኩት፤ አልተመለስኩም።

አሁን ደግሞ እኔ ልቆጣ። አንቺ ብቻ ነሽ የምትቆጪው? እኔን ማን ጠየቀኝ? «ሳሊሕ፣ ይህን ትፈልጋለህ ወይ?» ያለኝ አንድ ሰው ንገሪኝ! ሸህ ሀምዳን እጃቸውን አናቴ ላይ ሲጭኑ፣ ያ ሁሉ ሰው አሚን ሲል፣ እምቢ ብሎ የሚነሳ ሰው አንቺ አይተሽ ታውቂያለሽ? አንቺ የምትፈልጊውን ከለከሉሽ፣ እኔን የማልፈልገውን አሸከሙኝ። አንቺ ግን ቁጣሽን በሙሉ በኔ ላይ አወረድሽው፤ እነሱን አንዲት ቃል ሳትናገሪ።

አካውንቲንግ እወዳለሁ ወላሂ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ገብቶኛል። የማታውን ራሴ ሠርቼ ነው የምማረው፣ የቀበሌውን ገንዘብ አልነካሁም።

ስለ ስንዴው ያልሽውን አላውቅም ነበር። እሱን ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።

አንድ ነገር ልንገርሽና በሱ ይቅር፣ አውፍ በይኝ። ቦታው አልጠፋም። ሬጅስትራሩን ጠየቅኩ። ቦታው የተያዘው በኔ ስም ሳይሆን በቀበሌው ነው። የሁለተኛው ተርም ምዝገባ የካቲት 6 ይዘጋል። እስከዚያ ቀበሌው ሌላ ሰው ከላከ ይቀበላሉ፣ ያመለጠውን በክረምት ያካክሳሉ፤ ካልላከ ቦታው ለወረዳው ተመልሶ ለሌላ ቀበሌ ይሰጣል። እና ዝም ብለሽ ነዪ። የቀበሌው ጸሐፊ ማኅተም ቢያደርግልሽ በቂ ነው፣ ሽማግሌ አያስፈልገውም። ለአባ ልብስ ስፌት ልማር ነው በዪው፤ ለልብስ ስፌት አይከለክልሽም። ተምረሽ ስትጨርሺ ይነገራቸዋል። ማን ይጎዳል?

መልስሽን እጠብቃለሁ። አውፍ በይኝ።

ሳሊሕ


ላይ አምባ
ጥር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ሳሊሕ፣

ስለዚያች ሴት የጻፍከውን ሳነብ አለቀስኩ። ላንተም ነው፣ ለሷም ነው። «እኔን ማን ጠየቀኝ» ያልከውም እውነት ነው። ማንም አልጠየቀህም። እዚህ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ።

«ማን ይጎዳል?» ላልከው ግን ስማኝ።

ልብስ ስፌት እማራለሁ ብዬ ልሂድና አዋላጅ ሆኜ ልመለስ? ከዚያስ ማን ይጠራኛል? በአባቷ ፊት ዋሽታ የሄደች፣ በሌላ ሰው ዱዓ ተደብቃ የተማረች ሴት፣ ማን ነው ደሙን አምኖ የሚሰጣት? ይህ ሥራ ቁልፍ እንደ ማዞር ቀላል መሰለህ? ሴቶቹ ካላመኑኝ ዲፕሎማውን አንተ እንዳልከው በመስታወት አድርጌ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው።

ሌላው፣ ያ ጅጊ ነገም ይቀጥላል። አንተ አካውንቲንግ ስትማር፣ እኔ ልብስ ስፌት ነኝ ስል፣ ሰዎቹ የሌለ አዋላጅ መሬት ያርሳሉ። እማ ዑምኩልሱም ውኃ ታመላልሳለች። እኔ ይህን አላደርግም። አንድ ውሸት ይዤ ስንዴ አጭጃለሁ፤ ሁለተኛውን አልይዝም።

ስለዚህ ና። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ሸህ ሀምዳን ቤት ወዳጃ አለ። መጥተህ በነሱ ፊት ትተኸው እንደነበር ተናገር። ያችን ሴት ንገራቸው፤ እንደጻፍክልኝ አድርገህ ንገራቸው፣ አንተ ስትናገር ይሰማሉ። ከዚያ «ቦታው ለራህማ ይሁን» በል። ሦስት ቃል ነው። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ ራሴን ባጭ «ዓይን አውጣ» እባላለሁ፤ አንተ ግን ዱዓው ያንተ ስለሆነ ለቅቄ ሰጠኋት ማለት ትችላለህ። ሸህ ሀምዳንም ሰው ናቸው፤ ባለዱዓው ራሱ ሲለቅ ይሰማሉ።

ለነሱ አንዲት ቃል ሳትናገሪ ብለኸኛል። ልክ ነህ። አሁን ግን ተራው ያንተ ነው። ኑርዬ በዋዜማው ረቡዕ ውጫሌ መናኸሪያ ይጠብቅሃል።

እህትህ ራህማ


ሐይቅ
ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ራህማ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ውጫሌ መኪና አጥቼ ትንሽ ቆምኩ እንጂ መንገዱ ደህና ነበር።

ስወጣ ለምን እንዳልተሰናበትሽኝ አውቃለሁ። በሩን ዘግተሽ ስለነበር ከውጭ ሆኜ ተጣራሁ፣ ሰምተሻል። እናቴ «ተዋት፣ ይብረድላት» ስላለችኝ ሄድኩ።

እትዬ፣ እኔ መጥቻለሁ። ተናግሬያለሁ። ስለ ሴትዮዋ ስናገር አባ ራሱን እንደያዘ አይተሽ ይሆናል፤ መጋረጃው ቀጭን ነው። ያስቆጣቸዋል ብዬ የፈራሁት ሁሉ አልሆነም፤ አውፍ አሉኝ። ሸህ ሀምዳን «የአላህ ውሳኔ ነው» ብለው በዲግሪዬ ዱዓ አደረጉልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴ ቀለለኝ። ይህን ያደረግሽልኝ አንቺ ነሽ፣ አላህ ይክፈልሽ።

የቀረውን ትጠይቂኛለሽ። ስምሽን ለማንሳት አፌን ከፍቼ ነበር ወላሂ። አባ ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየቱን ታውቂዋለሽ። በዚያ መሀል ሸህ ሀምዳን «እንግዲያው ሙዓዝ ይውረድ፣ ጨዋ ልጅ ነው» አሉና ነገሩ አለቀ። እኔ ምን ላድርግ? አውፍ ባሉኝ ደቂቃ ደግሞ ልከራከራቸው?

ሙዓዝ ጎበዝ ልጅ ነው። ምናልባት ከኔ ይልቅ ይችለው ይሆናል። የፊታችን ሐሙስ ዱዓ ተደርጎለት ይወርዳል ብለዋል፤ እኔ እዚህ እቀበለዋለሁ። አንቺም ጊዜሽ ይመጣል። እባክሽ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ሳሊሕ


ላይ አምባ
ጥር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሳሊሕ፣

ሁለት ደብዳቤ ደርሶኛል። ለመጀመሪያው አልመለስኩልህም። «ምን ላድርግ?» ለሚል ሰው የሚጻፍ አላገኘሁም ነበር። ሁለተኛውን፣ አባ ከደወለልህ በኋላ የላክኸውን፣ ትናንት ኑርዬ ሰጠኝ። የጠየቅኸኝን እመልስልሃለሁ። በመጀመሪያ ግን አባ በስልክ ምን ብሎ እንደነገረህ ሰምቻለሁና፣ ያስቀረውን እኔ ልንገርህ። አባ «ሴቶቹ ረበሹ» ነው ያለህ። ማንም አልረበሸም።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ሙዓዝ አዲስ ጋቢ ለብሶ መሀል ተቀመጠ። ሸህ ሀምዳን እጃቸውን ጫኑበትና ጀመሩ። ከወንዶቹ በኩል አሚን ተባለ። ከኛ በኩል ምንም የለም። ሸህ ሀምዳን ያልሰማን መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። ወንዶቹ አሚን አሉ፣ እኛ ዝም። ማንም ከማንም አልተማከረም፤ እኔ አላህ ምስክሬ ነው ለማንም አልነገርኩም። አንተው ነህ የነገርካቸው፤ ያችን ነጠላዋን የነከሰች ሴት ነግረሃቸው ሄድክ። ሳምንቱን ሙሉ ሴቱ ሁሉ ምንጭ ዳር የሚያወራው ስለሷ ነበር።

ሸህ ሀምዳን «ምን ሆናችኋል?» አሉ። እማ ዑምኩልሱም ከተቀመጠችበት ሳትነሳ «ሸኹ፣ ልጄን የቀበርኩት እኔ ነኝ። ወንድ ልጅ በሯ ላይ ቢቆም ኖሮም አታስገባውም ነበር። አሁን ደግሞ የሌላይቱን ልጅ ለመቅበር አሚን በዪ ትሉኛላችሁ?» አለች። ሸህ ሀምዳን ሙስበሃቸውን እያገላበጡ ቆይተው «ታዲያ ማን ይሁን?» አሉ። ሴቶቹ ናቸው ስሜን የጠሩት፤ አንተ መጥራት ያቃተህን ስም።

አባ «ነገ አግብታ ትሄዳለች!» አለ። ይህን ጊዜ እናታችን ተናገረች። እናታችን፣ በሰው መሀል ድምፅዋን ሰምተኸው የማታውቀው። «የሚፈልጋት እዚህ መጥቶ ይኑር። አገራችን ምን አለው?» አለች። አንዳንዱ ሳቀ፤ ሸህ ሀምዳንም ሳቁ። ሙዓዝ ራሱ፣ ምስኪን፣ ከእጃቸው ስር ወጥቶ ተነሳ። ደስ ያለው ይመስላል።

ከዚያ አባ ያንተን ነገር አነሳ፤ ይህን ነግሮሃል። ጅጊው ለአዋላጅ ነበር፤ አንተ አዋላጅ ካልሆንክ ሰዉ መሬትህን ለምን ያርሳል? አባ ወገቡ እንደዚያ ነው። እስካሁን ከብቱን፣ ሣሩን፣ ውኃውን፣ አረሙን የያዝኩት እኔ ነኝ። «ራህማ ከወረደች ሳሊሕ ይውጣ፣ ሁለቱም ከሄዱ ቤቴ ይዘጋል» አለ። ሸህ ሀምዳን ወደ መጋረጃው ዞረው «ልጄ፣ ምን ትያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ሰው ሲጠየቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «እወርዳለሁ» አልኩ። ዱዓው በዚያ ተዘጋ፤ የሴቶቹ አሚን ከወንዶቹ በልጦ ተሰማ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ለሚቀጥለው ዓመት አስተላልፊው ብለኸኛል። ዘንድሮን ልጨርስ፣ ምናልባት ወረዳው ሌላ ቦታ ይሰጥ ይሆናል ብለሃል። ብዙ ነገር ጽፈሃል፣ አንዳንዱ አሳዝኖኛል። አካውንቲንግ እንደምትወድ አምንሃለሁ። ማታ ማታ ሠርተህ ደክሞህ እንደምትማርም አውቃለሁ። አባ ባይጨክን ኖሮ ሁለታችንም በተማርን፤ ለምኜዋለሁ፣ እምቢ ብሏል። አንተም ለምነው፣ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ያንሳልህና አገር እየሰማ ለምነው። ሬጅስትራሩንም ጠይቅ፤ ዲግሪው ይቆይልህ እንደሆነ አላውቅም። የሚቆይልህ ከሆነ ደስ ይለኛል።

መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነገር ጻፍክ። ይኸው ፊቴ ላይ ነው። «አንቺ ጥበቃ ታውቂበታለሽ፣ እኔ ግን አልችልበትም» ብለሃል።

ይህን ጽፈህ ደግመህ አንብበኸዋል? እኔ አንብቤዋለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ የአባ ወገብ እስኪሻል ጠብቂ ተባልኩ። ከዚያ አንተ እስክትጨርስ ጠብቂ። ከዚያ ያ ዱዓ። ከዚያ ሙዓዝ። የጠበቅኩት ስለማውቅበት መሰለህ? ማንም ስላልጠየቀኝ ነው የጠበቅኩት! አሁን ተጠይቄ መልሻለሁ። መልሴን ለአንተ ብዬ አልቀይረውም። ልቤ ላንተ አዝኗል። ግን አልጠብቅህም።

ሰኞ ጠዋት እወርዳለሁ። አንተም በዚያው ቀን ትወጣለህ፤ ውጫሌ መናኸሪያ እንገናኛለን። የምታድርበትን ቤት ቁልፍ ስጠኝ፤ እኔም ላሚቱ የምትታለብበትን ሰዓትና አባ የሚወስደውን መድኃኒት እነግርሃለሁ። አውፍ በይኝ እንዳትለኝ፤ ገና አላልኩህም፣ ስል እነግርሃለሁ። ሰላም ካልከኝ ግን እመልስልሃለሁ።

ራህማ